የዕድር ገንዘብ ለየትኛው ይዋል? በከተማው ዳርቻ ላሉ ችግረኛ ልጆች ትምህርት የቀረቡ አማራጮች ንጽጽር

ነሐሴ ሲገባ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮየ፣ ከቦሌ አራብሳ እስከ የካ አባዶ፣ በዕድሮች፣ በሴቶች ማኅበሮችና ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻቸውን ባስተባበሩ ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል፤ ለችግረኛ ልጆች የተሰበሰበው ገንዘብ በመስከረም ለምን ይዋል? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አንዱ «ደብተርና ቦርሳ ገዝተን እናድል» ይላል፤ ሌላው «ጎበዝ ጎበዞቹን መርጠን የግል ትምህርት ቤት እናስገባ» ይላል፤ ሰብሳቢው ሰዓቱን አይቶ ድምፅ ያሰጣል። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው። እኔም በአንድ ዕድር የልጆች ኮሚቴ ውስጥ አምስት ዓመት ስለሠራሁ፣ ከዚህ በታች ከምተቻቸው ስሕተቶች ቢያንስ ሁለቱን በገዛ እጄ ፈርሜባቸዋለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ልጁን የያዘው ምንድን ነው?

«ችግረኛ ልጅ» የሚለው መጠሪያ መዝገብ ላይ ሲሰፍር አንድ ዓይነት ይመስላል፤ በር አንኳኩቶ ለገባ ሰው ግን ችግሩ ከቤት ቤት ይለያያል። መሬቱ ለኮንዶሚኒየም የተወሰደበት ገበሬ ልጅ ትምህርት ቤቱ ቅርቡ ነው፤ ያጣው ማታ ደብተሩን የሚያይለት ሰው ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡ ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ መምህሩም፣ ጓደኛውም፣ መንገዱም በአንድ ጊዜ ተለውጦባቸዋል። እናቷ በቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሠራ ልጅ ታናሽ ወንድሟን ለመጠበቅ በሳምንት ሁለት ቀን ትቀራለች። በቤት ሠራተኛነት ለመቀጠር ከገጠር የመጣች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጨርሶ አልተመዘገበችም። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ቦርሳ ማደል ቀላል ነው፤ የአንዳቸውንም ችግር ግን አይነካም።

ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት መንግሥት አስቀድሞ የሸፈነው የትኛውን ነው የሚለው ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ቅድመ አንደኛና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ስለሚያቀርብ፣ የዕድር ገንዘብ እነዚህኑ ደግሞ ቢገዛ በሞላ እንስራ ላይ ውኃ መጨመር ይሆናል። እዚህ ላይ ለዳርቻው ነዋሪ ብቻ የሚታይ አንድ ጉዳይ አለ። በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሥር የተመሠረተው ሸገር ከተማ አዲስ አበባን ዙሪያውን ስለሚያዋስናት፣ ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች ልጆች በሁለት አስተዳደር ሥር ሊማሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ የሚያገኙት ድጋፍም፣ የማስተማሪያው ቋንቋም፣ የሚወስዱት ፈተናም ሊለያይ ይችላል። ልጅ ከአንዱ ወደ ሌላው ከመዛወሩ በፊት መልቀቂያ ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ቋንቋውም መታየት አለበት።

በየስብሰባው የሚዘለለው ጥያቄ ደግሞ ልጁ ማንበብ ይችላል ወይ የሚለው ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር፤ የ2015ቱ 3.2፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ ሆነ። ወሬው ሁሉ ስለ ኩረጃና ስለ ፈተና አሰጣጥ ሆነ እንጂ ቀዳዳው የተከፈተው ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በየአፍ መፍቻ ቋንቋው በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የዓለም ባንክ ስሌትም በኢትዮጵያ ካሉ የ10 ዓመት ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ያመለክታል።

ቁጥሩ የገባኝ በአንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ነው። የሁለተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ሰጠኋትና አንድ ገጽ ያለ እንከን ወረደችው፤ እናቷ በሩ ላይ ቆመው ፈገግ ብለው ነበር። ሥዕሉን በመዳፌ ሸፍኜ ከመስመሩ መካከል አንዲት ቃል ስጠቁማት ዝም አለች። ከዚያ ጣቷን ወደ ገጹ መጀመሪያ መልሳ በለሆሳስ እየወረደች መጣችና ቃሏ ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ ጠራቻት። ገጹን የያዘችው በጆሮዋ ነበር፤ ፊደሉንም እንዲሁ፣ «ሄ»ን ለመለየት ከ«ሀ» ተነሥታ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለች መድረስ ነበረባት። የክፍል ካርዷ ላይ የአማርኛ ውጤቷ 71 ይላል።

ስለዚህ ማንኛውም ኮሚቴ ገንዘብ ከመመደቡ በፊት እያንዳንዱን ልጅ አሥር ደቂቃ ቢፈትን ይበጀዋል። ከ231ዱ ፊደላት አሥሩን አዘበራርቆ ማስጠራት፣ ከዚያ አምስት ቃላት፣ ከዚያ ልጁ ቀድሞ ያላየውን አጭር አንቀጽ ማስነበብ፣ ስለ አንቀጹ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ፣ ለሒሳብ ደግሞ በመበደር የሚሠራ አንድ መቀነስ ማሠራት ነው። በዚያው ልጁን ከግድግዳው አራት እርምጃ አርቆ በትልቁ የተጻፈ ቃል ማሳየት አይከፋም፤ እኛ «ሰነፍ» ካልናቸው ልጆች አንዱ ያጣው መነጽር ሆኖ ተገኝቷል።

የግል ትምህርት ቤት ክፍያ መሸፈን

ይህ አማራጭ በስብሰባ ላይ የሚያሸንፈው ፎቶ ስላለው ይመስለኛል፤ አዲስ ሹራብ የለበሰ ልጅ ፎቶ ለለጋሽ ለመላክ ይመቻል። ጥቅሙ ጨርሶ የለም አልልም። መምህር ሲቀር የሚጠይቅ ባለቤት ያለው፣ በአንድ ክፍል የተማሪው ቁጥር ያነሰ፣ የደብተር ሥራ በየዕለቱ የሚታረምበት የግል ትምህርት ቤት በአካባቢያችን አለ። ነገር ግን ወጪው በወርኃዊው ክፍያ አያበቃም። መመዝገቢያ፣ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርም፣ ሰርቪስ፣ የወላጆች ቀን መዋጮ ይከተላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሲወጣ ምገባውንም፣ ዩኒፎርሙንም፣ ደብተሩንም ትቶ ነው የሚወጣው፤ ቤቱ በሙሉ ሆድ የማያድር ልጅ ምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ ይጀምራል ማለት ነው። እኛ ይህን ያየነው ከመዘገብን በኋላ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት አራት ልጆች በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስገባን። በሁለተኛው ዓመት ክፍያው ሲጨምር የዕድሩ መዋጮ አልጨመረም፤ ከአራቱ ሁለቱን ወደ ነበሩበት መለስናቸው። ከተመለሱት አንዱ እስከ ጥር ድረስ የቀድሞውን ሹራብ በመንግሥቱ ዩኒፎርም ላይ ደርቦ ይሄድ ነበር፤ ዘበኛው በር ላይ ያስወልቀዋል፣ ልጁ ግቢ ውስጥ መልሶ ይለብሰዋል። የፈረምነው ለአንድ ዓመት ነበር፣ ልጁ ግን የገባው እስከ ስምንተኛ ክፍል ብሎ ነው።

ለትምህርቱም ቢሆን ክፍያው ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ዕጣ ለወጣላቸው የገጠር ልጆች የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ተሸፍኖላቸው ከአራት ዓመት በኋላ ሲመዘኑ፣ በአካባቢው ቋንቋ በቴሉጉና በሒሳብ ዕጣው ካልወጣላቸው እኩዮቻቸው የተለየ ውጤት አላመጡም፤ በግልጽ የበለጡት በሂንዲ ቋንቋ ነበር። ለእውነቱ፣ የግሎቹ ያንኑ ውጤት ያመጡት በአነስተኛ ወጪ ነው፤ ይህ ግን ክፍያውን ከኪሱ ለሚያወጣ ዕድር መጽናኛ አይሆንም። በእኛ ዳርቻ ደግሞ የቋንቋው ጉዳይ ይበረታል። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩ፣ አማርኛ በቅጡ ማንበብ ያልቻለ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ተወስዶ እዚያ ሲገባ በሁለት ቋንቋ ማንበብ የማይችል ልጅ ይሆናል።

እንግዲህ መቼ ይመረጥ? አንድ ሰው ወይም ቤተሰብ ለአንድ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንደሚከፍል በጽሑፍ ሲያረጋግጥ፣ ወይም ለልጁ በእግር የሚደረስ የመንግሥት ትምህርት ቤት በእርግጥ ሲታጣ ይመረጥ። ሲመረጥም ከቢሮው ይልቅ ክፍሉ ይታይ። አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጦ ማየት፣ ባለፈው ዓመት ስንት መምህር እንደለቀቀ መጠየቅ፣ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤትንም ያለፉትን ብቻ ሳይሆን የተፈተኑትን ሁሉ ቁጥር ጨምሮ ማየት ይገባል። በመጠነኛ ክፍያ የሚያስተምሩ የሕዝብና የሚሲዮን ትምህርት ቤቶችም በዚሁ መለኪያ ይታያሉ፤ ቦታ ካገኙ ከብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች ይሻላሉ፣ ቦታ ማግኘቱ ነው እንጂ የሚከብደው።

በሰፈር ውስጥ የንባብ ማስጠኛ መክፈት

አቋሜን ልደብቅ አልፈልግም፤ ገንዘቡ ትንሽ፣ ልጆቹ ብዙ ከሆኑ የምመርጠው ይህን ነው። አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በሕንድ ሙምባይ የተመሠረተው ፕራታም የተባለ ድርጅት ከዚያው ሰፈር ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ፣ ከክፍላቸው ወደኋላ የቀሩ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆችን በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ለብቻቸው ያስጠና ነበር። በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች የተደረገው ጥናት እንዳሳየው ከሁሉ ይበልጥ የተሻሻሉት መጨረሻ ላይ የነበሩት ልጆች ናቸው። ጥናቱን ካካሄዱት መካከል አቢጂት ባነርጂና አስቴር ዱፍሎ ከማይክል ክሬመር ጋር እ.ኤ.አ. የ2019ኙን የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ተጋርተዋል። የዘዴው ዋና ነገር ልጅን በክፍሉ ሳይሆን በሚችለው መደልደል ነው፤ ፊደል የሚለዩት ለብቻ፣ ቃል የሚያነቡት ለብቻ፣ አንቀጽ የሚያነቡት ለብቻ።

በአገራችን የሚያስቸግረው ኀፍረቱ ነው። የአምስተኛ ክፍል ወንድ ልጅ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ጋር ፊደል ቁጠር ሲባል በማግስቱ ይቀራል። እኛ ምድቦቹን በክፍል መጥራት ትተን ጀበና፣ ሲኒና ረከቦት አልናቸው፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ ልጆቹ በሁለተኛው ሳምንት ደርሰውበታል፣ ያም ሆኖ «ጀበና ነኝ» ማለት «ሁለተኛ ክፍል ወረድሁ» ከማለት ይቀላል። የምንሰበሰበው የዕድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት በሚቀመጥበት ቤት ነው። ወንበሮቹ ለለቅሶ ቤት ሽማግሌ የተሠሩ ስለሆኑ የትንንሾቹ እግር መሬት አይነካም፤ ከኋላቸው የተደራረበው የብረት ድስት ደግሞ ድምፅ እየመለሰ መጀመሪያ ላይ በጣም አስቸግሮን ነበር፣ ጆንያ ስናለብሰው ተወን። ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት ይሰጣል። የሚያስጠኑት 12ኛ ክፍል ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ ሁለት የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው።

ይህም የራሱ ድካም አለው። አስጠኚው ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ተጠባባቂ ማሠልጠን ያስፈልጋል። የክፍሉን መምህር ራሱን ከፍሎ ማስጠናት መልካም ቢመስልም፣ በክፍል ያላስተማረውን በማስጠኛ እንዲያስተምር መንገድ ሊከፍት ስለሚችል እኔ አልደግፈውም። ልጆች ባሉበት አንድ ጎልማሳ ብቻውን እንዳይቀመጥ፣ በሩም እንዳይዘጋ መወሰን ደግሞ ለድርድር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። አስጠኚው የጎረቤት ልጅ ስለሆነ ይህን መናገር ይከብዳል፤ ቢሆንም ከመጀመሪያው ቀን በፊት መነገር አለበት።

ሒሳቡን ለማነጻጸር ያህል ዕድሩ ለዓመት 60,000 ብር አለው እንበል፤ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የያዝኋቸው ስለሆኑ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ዋጋ ይተካባቸው። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ከሰርቪሱ ጋር በወር 3,000 ብር ቢሆን በአሥር ወር 30,000 ይሆናል፤ ገንዘቡ ሁለት ልጆችን ያስተምራል። ለሁለት አስጠኚዎች ለእያንዳንዳቸው በወር 2,000 ብር ቢከፈል በአሥር ወር 40,000፣ ለንባብ መጻሕፍት፣ ለጠመኔና ለሰሌዳ 10,000፣ ለመጠባበቂያ 10,000 ይሆናል፤ ይህ ሠላሳ ልጆችን ይይዛል። ሁለቱ ልጆች የሚያገኙት ሙሉ ቀን፣ ሠላሳዎቹ የሚያገኙት በሳምንት ጥቂት ሰዓት መሆኑ አይዘነጋም። ሠላሳዎቹ ግን ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡበት ክፍል አስቀድሞ አላቸው፤ የጎደላቸው ክፍሉ ውስጥ የሚባለውን መከተል የሚያስችላቸው ንባብ ነው። በአዲስ አበባ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ያን ንባብ ሳይዝ ሰባተኛ የደረሰ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚይዝበት ጊዜ ያጥረዋል።

ከትምህርት በፊትና ከዕድሜ በኋላ

የመንግሥት ቅድመ አንደኛ ትምህርት በቅርብ ካለ ዕድሩ ገንዘብ ሳያወጣ ቤተሰቡን ማስመዝገብ ብቻ ይበቃዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያግደው የልደት ምስክር ወረቀት አለመኖር ስለሆነ፣ ከእናትየው ጋር ወረዳ ድረስ የሚሄድ አንድ ሰው መመደብ ከብዙ ሺህ ብር ይበልጣል። የቄስ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሕፃናትን ከዚያ ማስወጣትም አይገባም። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረና አቡጊዳ የዘለቀ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ አንድ እርምጃ ቀድሞ ነው፤ ቁርዓን ቤት የዋለውም መቀመጥን፣ ማዳመጥንና መደጋገምን ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ግን የቁጥርና የጨዋታ ትምህርትን አይተኩም።

በዕድሜ ያለፉት ሌላ ጉዳይ ናቸው። የአሥራ ሦስት ዓመቷን የቤት ሠራተኛ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ማስቀመጥ ማስመዝገብ እንጂ ማስተማር አይባልም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሲሠራበት የቆየው የተፋጠነ ትምህርት ከትምህርት ገበታ ውጪ ላሉ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በአሥር ወር አስተምሮ ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ያስገባል። በአቅራቢያ እንዲህ ያለ ክፍል ከሌለ የማታ ትምህርት አለ፤ ዋናው ወጪ ግን ገንዘብ አይደለም። አሠሪዋን «እመቤቴ፣ ልጅቷን ከ11 ሰዓት በኋላ ይልቀቁልን» ብሎ የሚጠይቅ፣ የሚከበርና የማይታክት ሰው ነው የሚያስፈልገው። በእኛ ዕድር ይህን የሚሠሩት እማሆይ አንድ ቤት አምስት ጊዜ ተመላልሰው ነው ያስፈቀዱት።

ቁሳቁስ፣ መንገድና ለትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ድጋፍ

ቦርሳና ደብተርን በተመለከተ የምለው ጥቂት ነው፤ ምገባና ዩኒፎርም በሌለበት ወገን ያለ ልጅ ካልሆነ በስተቀር የመጨረሻው ምርጫ ይሁን። መጻሕፍትም ቢሆኑ የሚጠቅሙት አንባቢ ሲያገኙ ነው። በምዕራብ ኬንያ የመማሪያ መጻሕፍት ለትምህርት ቤቶች በታደሉ ጊዜ አማካይ ውጤቱ አልጨመረም፤ የተጠቀሙት ቀድሞውንም ጎበዝ የነበሩት ናቸው፣ መጻሕፍቱ የተጻፉበት እንግሊዝኛ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ ነበርና።

የመንገድ ወጪ ግን ዘጠነኛ ክፍል ሲደረስ ዋና ጉዳይ ይሆናል። አንደኛ ደረጃ በየኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ሲገኝ ሁለተኛ ደረጃ ሁለት ታክሲ ሊያስይዝ ይችላል፤ ምሽት ላይ ሰልፉ ሲረዝም ሴቶች ልጆች አንድም ያመሻሉ፣ አንድም ያቋርጣሉ። ለአምስት ስድስት ልጃገረዶች በጋራ ሰርቪስ መያዝ ወይም የታክሲ ሒሳብ በየሳምንቱ በእጃቸው መስጠት፣ ከትምህርት የሚወጡትን ለመያዝ ቀጥተኛው መንገድ ነው። በወር አንዴ አይሰጥ፤ ቤት ውስጥ ዘይት ሲያልቅ የት እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ መስጠትን የሚመርጥ ደግሞ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ይስጥ፤ ደረሰኝም ይቀበል። ቀለም ከመቀባት የልጃገረዶች መጸዳጃ ቤት በር፣ ውኃና የንጽሕና መጠበቂያ ይቀድማል።

ማስጠኛውን ለመረጠ ኮሚቴ የቀረው የቀን አቆጣጠር ነው። በመስከረም የተፈተኑትን ልጆች በዚያው በአሥር ደቂቃው ፈተና በጥርና በሰኔ መልሶ መፈተን፣ ውጤቱንም ከመዋጮው ሒሳብ ጎን ለአባላት ማንበብ ይገባል። ከጥር በኋላም ከጀበና ያልተንቀሳቀሰ ልጅ ካለ አስጠኚው ሳይሆን መጀመሪያ መቅረቱ ይጠየቅ። ሌላም አለ፤ ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም ስለሚወጣና ቤቱ የሰው መግቢያና መውጫ ስለሚሆን ትምህርቱ ሦስት ቀን ይቋረጣል። እኛ ባለፈው ዓመት በዚህ ብቻ አሥራ አንድ ቀን አጥተናል። ዘንድሮ የአንድ ጎረቤት በረንዳ አስፈቅደን ሰሌዳውን በሚስማር ሳይሆን በገመድ አንጠልጥለነዋል፣ ከለቅሶው ቀድሞ እንዲወጣ።